ለመጣው ሁሉ ሲነሣ

ከባሌ ጋር መጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ አልጋ ወደ ጓሮ ማውጣት ነበር። ትኋን አስቸግሮን ስለነበር ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል እሱ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ይዘን አወጣነው። እሱ አልጋውን ያዘነብላል፣ እኔ በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ በእንጨቱ ስንጥቆች ውስጥ አፈስሳለሁ። "እዚህ ጋ ጨምሪ፣ አያቶቻቸው ያሉት እዚህ ነው" እያለ ይስቃል። እኔ ግን ዓይኔ ከግራ ጎኑ አልተነሣም። ያ ጎኑ ከዳነ ዓመታት አልፈዋል። ቢሆንም ከባድ ነገር ባነሣ ቁጥር ትንፋሼን ይዤ ጎኑን ማየት ልማድ ሆኖብኝ ቀርቷል።

"ምን ታያለሽ?" አለኝ።

"ምንም።"

"ድኗል እኮ።"

"አውቃለሁ።"

አልጋው እስኪመሽ ፀሐይ ላይ ዋለ። ሰኞ ዕለት ባሌ ለትምህርት ቤት ሥራ ወደ ደዴሳ ቆላ ወረደ፤ ሲመለስ ትኩሳት ይዞ መጣ። ስለዚያ ለመጻፍ ገና አልደረስኩም። አስቀድሜ ስለ ጎኑ መጻፍ አለብኝ፤ በዚህች ከተማ ብቻዬን መሆን የጀመርኩት ያኔ ነውና።

እኔ የሸዋ ልጅ ነኝ። እሱ ከነቀምቴ አጠገብ ያለችው የዲጋ ልጅ ነበር፤ አዲስ አበባ ለመምህርነት ሲሠለጥን ተዋወቅን፣ ተጋባን፣ ነቀምቴ ተመድቦ ይዞኝ መጣ። ጨለለቂ ሠፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። ልጅ አልወለድንም። ኦሮምኛ የተማርኩት ከገበያና ከአማቴ ነው። ስለዚህ ዕቃ መግዛትና ሰላምታ መመለስ እችላለሁ፣ ሰውን ማባበል ግን አልችልም ነበር። ወገኖቹ ብዙ ናቸው፣ የእኔ ወገን እሱ ብቻ ነበር።

አደጋው የደረሰበት የተማሪዎችን የፈተና ወረቀት አርጆ አድርሶ ሲመለስ ነው። ዝናብ ጥሎ ነበርና ቁልቁለት ላይ በቅሎዋ በፊት እግሮቿ ተንሸራተተች። እሱ ከላይዋ አልወደቀም፤ ወደ ፊት ሲወረወር ግን የኮርቻው ራስ ከደረቱ መሐል ወደ ግራ ፈንጠር ብሎ መታው። የቀረውን መንገድ በዚያው በቅሎ ጨረሰው። ቤት ደርሶ እየሳቀ ሰላም አለኝ፣ ለበቅሎዋ ገብስ ስጫት አለኝ፣ ከዚያ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል እዚያው እንደጎበጠ ቀረ። ጫማውን ያወለቅሁለት እኔ ነኝ። ሊስቅ ሲል ያመዋል፣ ሊገላበጥ ሲል ያመዋል፣ ሲያስለው ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ከኦሮምኛ ሰላምታውን ብቻ ያውቃል።

"አከም ጂርታ?" አለው፤ እንዴት ነህ ማለቱ ነው።

"ፈያ" አለ ባሌ። ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ለሰላምታ የሚሰጠው መልስ ይኸው ስለሆነ።

የሚያስተረጉምለት ድሬሰር፣ የሐኪሙ ረዳት፣ የባሌ አብሮ አደግ ነበር። "ፈያ ከሆንክ ምን ልትሠራ መጣህ? በል ተነሥና ለታመመው ቦታ ልቀቅ!" ብሎ ቀለደበት።

ራጅ ተነሣ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳየን፤ የጎድን አጥንቶቹ ነጫጭ ሆነው በተርታ ይታያሉ፣ የተሰበረ የለም። እኔ "ተመስገን" አልኩ። ሐኪሙ ግን በዚያ አላበቃም። ባሌን አስተኛውና በሁለት ጣቶቹ ከአንገቱ ሥር ጀምሮ በደረቱ አጥንት ዳር ዳሩን እየተጫነ ወረደ። አንዱ ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ከአርጆ እስከ ነቀምቴ ድምፁን ሳያሰማ የመጣው ሰውዬ ግንባሩ በላብ ወረዛ። እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት አለ። ሐኪሙ መዳፉን ዘርግቶ አስቀመጠበትና "ሳል" አለው። ከዚያ እኔን ጠርቶ የእኔን እጅ አስቀመጠ። ባሌ ሲያስል ከመዳፌ ሥር ጣት ሲንቋቋ እንደሚሰማው ያለ ነገር ቋ አለ። ያ ስሜት እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ።

ሐኪሙ በድሬሰሩ በኩል አስረዳን። የጎድን አጥንት እስከ ደረት አጥንት ድረስ አጥንት ሆኖ አይዘልቅም። ጫፉ ላይ እንደ ጆሮ የሚለመጥ ለስላሳ አጥንት ነው የሚያያይዘው፤ ስንተነፍስ ደረታችን የሚሰፋው በእሱ ነው። ራጅ ጠንካራውን እንጂ ለስላሳውን አያሳይም። የባሌ ለስላሳው ክፍል ነው ከመጋጠሚያው የተላቀቀው። ደም በብዛት ስለማይደርሰው ከተሰበረ አጥንት ይልቅ ቀስ ብሎ ይጠግጋል። መድኃኒቱ ዕረፍት ነው፤ ማታ በትራስ ደገፍ ብሎ መተኛት፣ ሳል ሲመጣ ትራስ ደረት ላይ አጥብቆ መያዝ፣ ለሕመሙ አስፕሪን፣ ደግሞም ቢያምም በየጊዜው በረጅሙ መተንፈስ። ደረቱ በጨርቅ እንዳይታሰር አለ። ቀጥ ብሎ ብድግ እንዳይልም አለ፤ በጎኑ ተንከባልሎ በእጁ ተደግፎ ይነሣ። ሁለታችንም ገባን ብለን ወጣን።

ሰው ታመመ ከተባለ ነቀምቴ ውስጥ ቤቱ ባዶ አይውልም። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ከቡርቃ ጃቶ ሠፈርም ከጨለለቂም፣ ከትምህርት ቤቱም ከጸሎት ቤቱም ሰው ጎረፈ። ወተት ያመጣል፣ ማር ያመጣል፣ ይጸልያል፣ የበቅሎዋን ነገር እንደ አዲስ ይጠይቃል። ባሌ ብቻውን እንዳይሆን ብለን አልጋውን በፊተኛው ክፍል ዘርግተን ነበር።

አማቴም ከዲጋ በእግራቸው መጡ። ልጃቸውን ሲያዩት መጀመሪያ ያሉት "አላሰሩትም እንዴ?" ነው።

"ሐኪሙ አይታሰር አለ፣ አዮ" አልኳቸው። አዮ በዚያ አገር እናት የምትጠራበት ነው።

"ጎኑ ተንገጫግጮ እያደረ አይታሰር? ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ሐኪሙ የወለደው ነው እንዴ?"

ወጌሻ ይዘው መጡ። ሽማግሌው ስንቱን የተሰበረ እጅና እግር ያቀኑ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ቅቤ በቀባ ጣታቸው ዳበሱትና ሐኪሙ የነካውን ቦታ ሳይስቱ አገኙት። ከዚያ በአቡጀዲ ከብብቱ እስከ ወገቡ ጠቅልለው ጠበቅ አድርገው አሰሩት። ባሌ "ተሻለኝ" አለ፤ እውነትም ደረቱ ስላልተንቀሳቀሰ ሕመሙ ቀነሰለት። እኔም ደስ አለኝ። ግን ደረቱ ሳይሰፋ ሲከርም አክታው ከውስጥ ተጠራቀመ፣ ትኩሳት መጣ፣ ትንፋሹ አጠረ። ሆስፒታል ስንመልሰው ሐኪሙ ጀርባውን አዳመጠና ማሰሪያውን በመቀስ ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ድሬሰሩ ያን ቀን አልቀለደም። "ሲተነፍስ ስለሚያመው አይተንፍስ አላችሁት፤ ሳንባው ደግሞ ካልተነፈሰ ይታመማል" አለን። መርፌ ተወጋ፣ ሳንባው ጠራ።

ጎኑ ግን አልጠገገም። ቀን ቢቆጠርም፣ ሳምንት ቢያልፍም፣ እጄን ሳስቀምጥበት ያው ቋ ይላል። ሐኪሙ ግራ ገባው። እንጨት ፈለጥክ? አለው። አልፈለጥኩም። ውሃ ተሸከምክ? አልተሸከምኩም። "ተኝቼ ነው የምውለው" አለ ባሌ፣ እኔም መሰከርኩለት። ሐኪሙ እንዲህ እንደተላቀቀ ከከረመ እንደዚያው ሊቀር እንደሚችል፣ ዕድሜ ልኩን ሸክም እንደማያነሣና በቅሎ እንደማይቀመጥ ነገረን። በዚያ ዘመን በቅሎ የማይቀመጥ መምህር ወረዳዎቹን እንዴት አድርጎ ያዳርሳል?

በማግስቱ ድሬሰሩ ነጩን ጋዋን አውልቆ ሊጠይቀው ቤት መጣ። እኔ ከጓዳ መቀመጫ ዱካ ይዤ ስወጣ ባሌ ከአልጋው ብድግ ብሎ ቆሟል፤ እጁ ጎኑን ጭምቅ አድርጎ ይዟል።

"አንተ! ለእኔ ነው የተነሣኸው?" አለ ድሬሰሩ።

"ታዲያ ለማን ልነሣ?"

"ትናንት ተኝቼ ነው የምውለው አላልክም?"

"ተኝቼ ነው የምውለው። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው የምነሣው።"

ድሬሰሩ ወደ እኔ ዞረ። "እህቴ፣ ዛሬ ስንት ሰው መጣ?"

በጣቴ መቁጠር ጀመርኩና አቆምኩ። የሁለቱ እጆቼ ጣቶች አልቀው ገና ጠዋቱን አልጨረስኩም ነበር። ለአንድ ሽማግሌ ተነሥቷል፣ ለርእሰ መምህሩ ተነሥቷል፣ ለጎረቤቷ ባልቴት ተነሥቷል። "ኖር!" ይላል፤ "በእግዜር፣ ኧረ ተኛ፣ አትነሣ!" ይሉታል፤ ግን ይህን ሲሉት እሱ ቆሟል። ደግሞስ አትነሣ የሚለው ሰው ሳይነሡለት ቢቀር የሚቀየመው ራሱ አይደል? ሁላችንም ስናየው ስለኖርን፣ መነሣት እንደ ሥራ ሊቆጠር እንደሚችል አንዳችንም አላሰብንም።

ድሬሰሩ ዱካው ላይ ተቀምጦ ሳቀ። "እኔም እኮ ሳይህ ነው የገባኝ። ሐኪሙማ እንዴት ይወቀው፣ በእሱ አገር በሽተኛ ተኝቶ ነው የሚጠየቀው!"

"አታስቀኝ!" ይላል ባሌ ትራሱን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ "ያመኛል፣ አታስቀኝ!"

ከእንግዲህ እንደማይነሣ ቃል ገባ። ድሬሰሩ ከወጣ በኋላ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ገቡ፤ ባሌ ቆሞ ተቀበላቸው። ሲወጡ "እግሬ ነው" አለኝ፣ "እኔ ሳላዝዘው ይነሣል።" አልቀለደም። በሚቀጥለው ቀን አልጋውን ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባሁ፣ የውጩን በር ዘጋሁ፣ ወንበር አውጥቼ በራፉ ላይ ተቀመጥኩ።

የሚመጣውን ሁሉ እመልስ ጀመር። "ተኝቷል። ሐኪም ከልክሏል።" በኦሮምኛ የማውቀው ይህን ያህል ነበር። ይህን ሌላ ሰው ቢለው ዙሪያውን በስንት ምርቃትና ይቅርታ ባለሰለሰው! ከእኔ አፍ ግን ደረቁን ነው የወጣው። የመጡት ወተታቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ ወደ ተዘጋው በር አንድ ጊዜ ተመልክተው ይሄዳሉ። መልሶ የሚመጣ አልነበረም።

ያልተቀየመኝ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጉራጌው ባለሱቅ ብቻ ነው። "እትዬ፣ ዘበኛ ሆንሽ እንዴ? ባንኩ ይቅጠርሽ!" ይለኛል ከባንኮኒው። ሲመሽ ወደ ቤቱ ሲሄድ በመስኮት በኩል ይጮሃል። "መምህር! እኔ ነኝ! አልገባሁም፣ አትነሣብኝ! ብትነሣ ስኳር በዱቤ አልሰጥም!" ባሌ ከውስጥ ሲስቅ ይሰማኛል፣ ወዲያው ደግሞ ሲያቃስት።

አማቴ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ወተት በቅል ይዘዋል። በሩ መዘጋቱን አይተው ቆሙ።

"የለም እንዴ?"

"አለ፣ አዮ። እንዳይነሣ ነው። ሐኪሙ ሰው እንዳይገባ አለ።"

"ሰው ነኝ እኔ? እናቱ ነኝ።"

"ለእርስዎ ነው ከሁሉ በላይ የሚነሣው።"

ዓይኔን አዩኝ። "ስለሚነሣልኝ ነው የምትከለክይኝ?"

እውነቱ እሱ ነበር። ባሌ ከውስጥ "አዮ!" ብሎ ሲጣራና አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ሮጬ ገባሁ። በክርኑ ተደግፎ ሊነሣ ነው። ትከሻውን ይዤ፣ "ብትነሣ እኔም ወደ አገሬ እሄዳለሁ" አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ አስቤው የማላውቀው ነገር ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተኛ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ስወጣ ቅሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፣ አማቴ የዲጋን መንገድ ይዘዋል። ጀርባቸውን እያየሁ ቆምኩ። ተከትዬ ልመልሳቸው እችል ነበር፤ አልተከተልኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ጸጥ አለ። ጠዋትና ማታ የሞቀ ጨርቅ አደርግለታለሁ። በረጅሙ ሲተነፍስ ከጎኑ ተቀምጬ አብሬው እተነፍሳለሁ። ማታ ማታ "ሳል" እለዋለሁ፣ እጄን አስቀምጣለሁ። ቋ ማለቱ እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ በሁለት ሳል አንዴ ሆነ፤ ከዚያ እየተጠራጠርን የምንሰማው ሆነ፤ አንድ ማታ ጠፋ። አላመንኩም፣ ደግመህ ሳል አልኩት፤ ምንም የለም። በሳምንቱ በርበሬ ስነፋ አስነጠሰው። ሁለታችንም ባለንበት ደርቀን ቀረን፤ እኔ ወንፊቱን እንደያዝኩ፣ እሱ እጁን ጎኑ ላይ አድርጎ፣ ሕመሙን ጠበቅነው። አልመጣም። "እግዜር ከአዳም ጎን ሴት ሠራ፤ አንቺ ደግሞ ጎኑን ራሱን ሠራሽው!" አለና ቤቱ እስኪያስተጋባ ሳቀ። ከአርጆ ከተመለሰ ወዲህ ሳይቋረጥ የሳቀው የመጀመሪያ ሳቁ ነበር።

ሐኪሙ መርምሮ ለቀቀው። በሩን ከፈትኩ። ግን የሚገባ ሰው አልነበረም። አብረን ዲጋ ሄድን፤ እሱ የእናቱን ጉልበት ሳመ፣ እኔም ሳምኩ። ምግብ አቀረቡ፣ ለእጄ ውሃ አፈሰሱልኝ፣ ጨዋ ናቸው። ግን ሲያናግሩኝ በእሱ በኩል ነበር። "በላሽ ወይ በላት" ይላሉ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ። ከተማው ውስጥም እንደዚያው። ሰው መንገድ ላይ ሰላም ይለኛል፣ ቤቴ ግን አይመጣም። ሴቶቹ ለምጥ፣ ለክርስትና፣ ለበሽተኛ ሲጠራሩ እኔን ማንም አይጠራኝም። "ሸዋይቱ ቤቷ ሰው አትወድም" ይባል እንደነበር ባለሱቁ ነገረኝ። ባሌ ብቻውን እየሄደ ይጠይቃል፣ ይቀብራል፣ ይድራል። ሲመለስ "ይረሱታል" ይለኛል። እሱ እስካለ ድረስ ይህ ያን ያህል አልከበደኝም።

እንግዲህ ደረስኩ። ከደዴሳ በትኩሳት የተመለሰ ዕለት በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ሆስፒታል ሄደን የወባ ኪኒን ተሰጥቶት ነበር፤ ድሬሰሩም ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ ቆይቷል። አልጋውን በፊተኛው ክፍል ዘረጋሁ፣ ዱካዎቹን ደረደርኩ፣ ጠበቅሁ። ያን ቀን ማንም አልመጣም፤ በማግስቱም። ያ ቤት በሽተኛ አያስጠይቅም ተብሎ ከታወቀ ዓመታት ሆኗል፤ እኛን ላለማስቸገር ብለው ነው የቀሩት። ባለሱቁ ቡና ጭኖ በሚሄድ መኪና ለዲጋ መልእክት ላከልኝ።

አማቴ ደርሰው ደጃፉ ላይ ቆሙ። በሩ ክፍት ነው። እኔን አዩና "ልግባ?" አሉኝ።

ከዚያ ቃል የከበደ ነገር በሕይወቴ አልሰማሁም።

"ይግቡ፣ አዮ።"

ገቡ። እሱ ዓይኑን ገልጦ አያቸው፤ አወቃቸው። አማቴ አልጋው አጠገብ ቆመው ጥቂት ጠበቁ። አልተነሣም። አንገቱን እንኳን ቀና አላደረገም። እሳቸው ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው ላይ ቂም አልነበረም። መሬቱ ላይ ተቀመጡ፣ ሻሻቸውን ከራሳቸው አወረዱ፣ እጁን ያዙ። ማንም ምንም ሳይነግራቸው እንደማይተርፍ ገብቷቸዋል። በዚያው ሳምንት ሞተ።

ለለቅሶው ያልመጣ ሰው የለም። ግቢው ሞላ፣ መንገዱም ሞላ፤ ስለ ደግነቱ፣ ስለ ትሕትናው፣ ለታናሽም ለታላቅም ስለመነሣቱ ተወራ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። የሐዘኑ ሰሞን ካለፈ ወዲህ በሬን ያንኳኳ ባለሱቁ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። በሩን ባልዘጋ ኖሮ እነዚያን ዓመታት ጎኑን ይዞ፣ ሳይስቅ፣ ከነቀምቴ ሳይወጣ ይኖር ነበር። እኔ ደግሞ ዛሬ ቤቴ ሰው ይመጣ ነበር። አሁንም ምረጪ ብባል እንደዚያው ወንበሬን አውጥቼ በራፉ ላይ እቀመጣለሁ። ይህን ለአማቴ ነግሬያቸው አላውቅም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ወንድሜ ወደ ሸዋ እንድመለስ ሰው ልኮ ነበር፤ አልሄድኩም። አሁን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለትንንሾቹ ፊደል አስቆጥራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ዲጋ እሄዳለሁ። አማቴ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ውሃ እቀዳላቸዋለሁ፣ ልብሳቸውን አጥባለሁ፣ እንጨት ወደ ውስጥ አስገባለሁ። ብዙ አንነጋገርም፤ ስንነጋገር ግን እኔኑ ራሴን ነው የሚያናግሩኝ። ከመጨለሙ በፊት ወደ ነቀምቴ እመለሳለሁ።